መታገሥና እጅ አጣጥፎ መቀመጥ የሚለዩት የት ላይ ነው?

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። የማነሣው የቤታችንን ጉዳይ ነው፤ ነገር ግን በየሰፈሩ ተመሳሳይ ነገር ስለምሰማ ብዙዎቻችሁን እንደሚነካ እርግጠኛ ነኝ።

ታናሽ ወንድሜ በኤሌክትሪክ ሙያ ተመርቋል፣ የብቃት ምዘናውንም አልፏል። ከዚያ አንድ መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ አወጣ፤ ተመዘገበ፣ ተፈተነ፣ ውጤቱም ጥሩ ነበር። እንደውልልሃለን አሉት። ከዚያ ወዲህ ሥራው ስልክ መጠበቅ ሆኗል። የቀን ሥራ ሲገኝ ድንገት ቢደውሉስ ይላል። ጅቡቲ ያለው አጎታችን ና ሲለው ትንሽ ልየው ይላል። አጭር ሥልጠና ተገኝቶ ነበር፣ እሱንም በዚሁ ምክንያት አሳለፈው። እናታችን «የታገሠ ከሚስቱ ይወልዳል» ትለዋለች። እኔ ተነሥ እለዋለሁ። ሁለታችንም የምንናገረው ስለምንወደው ነው፤ እሱ ግን በሁለታችን መሃል ሆኖ ከእሷም ከእኔም ጋር ማውራት እየተወ ነው።

ልጁ ሰነፍ አይደለም። ገና ተማሪ እያለ የሰፈሩን የተበላሸ ቬንትሌተር ሁሉ የሚጠግን እሱ ነበር።

ጥያቄዬ ይኸው። ሰው የሚፈልገውን ነገር ለማግኘት የሚጠብቀው እስከ መቼ ነው? በሚጠብቅበት ጊዜስ እጁ ምን ይሥራ? ሮጣችሁ የተጎዳችሁ፣ ጠብቃችሁ የተጎዳችሁ፣ የተሳካላችሁም ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ማሳሰቢያ፦ ክሩ በጣም ስለረዘመና ዘግይተው የገቡ ሰዎች ከየት እንጀምር እያሉ ስለጠየቁኝ፣ እስካሁን የመጡትን መልሶች በቁጥራቸው ተራ በራሴ አነጋገር ከዚህ በታች አስቀምጫለሁ። የተሰማኝን በተሰማኝ ቦታ ጨምሬያለሁ።

1ኛው መልስ ከዚራ ከሚኖሩ ጡረታ ከወጡ መምህር ነው። በትልቅ ትሕትና ጽፈው ለእናቴ ነው ያደሉት። ባስተማሩባቸው ዓመታት ያዩት ጉዳት ከመጠበቅ ይልቅ ከመዝለል የመጣ ነው ይላሉ፤ ዛሬ ሹፌር፣ በከርሞው ነጋዴ፣ ከዚያ ደግሞ ኮምፒዩተር ጠጋኝ ልሁን የሚል ተማሪ አንዱንም ሳይዝ እንደሚቀር። ወንድሜን እንዳላጣድፈው መከሩኝ። 2ኛው ከእሳቸው ጋር ተስማምቶ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለውን ጨመረበት። 3ኛዋ አጭር ናት፦ ተረት ከተባለ «ያልተገላበጠ ያራል» የሚልም አለ፣ ስለዚህ ተረቱን ትተን የደረሰብንን እናውራ አለች። ከልብ አመስግኛታለሁ፤ ክሩ መልክ የያዘው ከእሷ በኋላ ነው።

4ኛው በጣም የተነቃቃ ወጣት ነው። ወንድሜ በየቀኑ ጎህ ሲቀድ ተነሥቶ አንድ ነገር ቢሠራ፣ ይህንንም ለ21 ቀን ቢደግመው ልማድ ሆኖለት ሕይወቱ ይቀየራል ይላል። 5ኛዋ፣ ጤና ባለሙያ መሆኗን የነገረችን፣ በጨዋነት አረመችው። የ21 ቀኑ ነገር በስፋት ቢወራም ልማድን በቀጥታ ለክቶ የተገኘ ቁጥር አይደለም። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ 96 ሰዎችን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት፣ አንድ ነገር በየቀኑ ሲደጋገም ሳይታሰብ የሚሠራ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን ወስዷል። ግን ከሰው ሰው ልዩነቱ ሰፊ ነው፤ ከ18 ቀን እስከ 254 ቀን። ደግሞ አንድ ቀን መዝለል ልማዱን እንደማያፈርሰውም አይተዋል። እኔ ይህን ለወንድሜ አንብቤለታለሁ። 21 ቀን ሞክሮ ያልሆነለት ሰው ጥፋቱን በራሱ ላይ ነው የሚያየው፤ እንዲህ ያለ የተሳሳተ ቀጠሮ ተስፋ ያስቆርጣል። 4ኛው ወጣትም እርማቱን በደስታ ተቀብሎ ላነበበው ሁሉ እንዲደርስ አድርጓል።

6ኛዋ መልስ ላይ ትንሽ ልቆይ። ታይዋን ሠፈር ልብስ የምትሰፋ እህት ናት። ድሮ በሰው ማሽን በቁራጭ ነበር የምትሠራው፤ የራሷን የስፌት ማሽን መግዛት ፈለገች። ጓደኞቿ ተበደሪ አሏት፣ ባሏ ዝም ብለሽ አጠራቅሚ አላት። እሷ ዕቁብ ገባች። ዕጣው ሲወጣ ሲወጣ ለእሷ ከመጨረሻዎቹ ተራ አካባቢ ደረሳት። ያ ሁሉ ጊዜ በየሳምንቱ እየከፈለች፣ የሌላው ሰው ዕጣ ሲወጣ እልል እያለች ነው የጠበቀችው። በዚያው መሃል ግን ምሽት ምሽት ከአንዲት የታወቀች ሰፊ ዘንድ የሙሽራ ልብስ አቆራረጥ ተማረች፣ ማሽኑ ሲመጣ የሚያሰፉትን ደንበኞች ስም በደብተር ይዛ ነበር። ማሽኑ ቤቷ በገባ ማግስት ሥራ አልጠፋም። የጻፈችው ነገር ውስጥ እኔን የያዘኝ የዕቁቡን ሰብሳቢ የገለጸችበት ነው፤ ሰውየው ዝናብ ቢሆን፣ በዓል ቢሆን እሁድ በሰዓቱ ደብተሩን ይዞ የሚመጣ ሰው ነበር። እሱ ባይሆን ኖሮ አንድ ወርም አልታገሥም ነበር ብላለች። ይህን ልብ በሉልኝ፣ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

7ኛው የዕቁቡ መጠን ስንት እንደሆነ ጠየቀ፣ 8ኛው ሰላምታ ነው።

9ኛው መልስ ከለገሃሬ የመጣ ነው። ጸሐፊው የሸሚንደፈር (የባቡሩ) ሠራተኛ ልጅ ናቸው፣ ዕድሜያቸውም ገፍቷል። ስለ መጠበቅ ከተነሣ ይህች ከተማ ራሷ በመጠበቅ ነው የተሠራች ይላሉ። የባቡሩ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1897 ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 መጨረሻ እዚህ ደረሰ። ከዚያ ኩባንያው ገንዘብ አጠረው፣ በ1907 ከሰረ፣ አዲስ ኩባንያ እስኪቋቋምና ሐዲዱ እስኪቀጥል ጊዜ ወሰደ፤ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። እዚህ የነበሩት ሰዎች ግን ሐዲዱ እስኪቀጥል ብለው አልተቀመጡም። ወርክሾፑ ሥራውን ቀጠለ፣ ከሐረርጌ ደጋ የሚወርደው ቡና እዚህ ባቡር ላይ ይጫን ነበር፣ ሱቁና መጋዘኑ በዙሪያው ተተከለ። አባታቸው ወርክሾፑ ውስጥ በረዳትነት ተቀጥረው፣ ሙያተኛ የሚሆኑበትን ቀን እየጠበቁ በእያንዳንዱ ቀን አንድ አዲስ መሣሪያ ስም ሳያጠኑ እንደማይመለሱ ጻፉ።

10ኛው የሐረር ሰው ነው፤ አክብሮ አንድ ነገር አስተካከለ። ባቡሩ ድሬ ላይ የቆመው ድሬ ተመርጣ ሳትሆን፣ መጀመሪያ የታሰበው ወደ ሐረር እንዲገባ ነበር። አፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሲሰጡ ሐረር መስመሩ ውስጥ ነበረች፣ ተራራው ግን ወጪውን አናረው። ከተማዋም በመጀመሪያ አዲስ ሐረር ትባል ነበር። 9ኛው ጸሐፊ ይህንን እንደሚያውቁ፣ ለማሳጠር ብለው እንደተዉት ነገሩት። ከ11ኛው እስከ 13ኛው ያሉት ከዚህ ተነሥተው ሌላ መንገድ ያዙ፦ ሐረር ነው የሚሻለው ድሬ፣ የደንገጎ ዳገት በሚኒባስና በዶልፊን፣ የድሬ ሙቀት፣ የድሮዎቹ ፔጆ ታክሲዎች። ደስ የሚል ወሬ ነው፣ እኔም አንብቤ ደስ ብሎኛል፣ ከጉዳያችን ግን ወጥቷል።

14ኛው ላይ ነገሩ ከረረ። አሁን አዲስ አበባ የሚኖር የድሬ ልጅ ነኝ ያለ ሰው፣ እዚህ ትዕግሥት የሚባለው የበርጫ ሌላ ስሙ ነው ብሎ ጻፈ። ወጣቱ ጠዋት ያቅዳል፣ ከቀትር በኋላ ፍራሽ ላይ ሆኖ ያቀደውን በቃል ይሠራዋል፣ ማታ ደክሞት ይተኛል አለ። 15ኛው በቁጣ መለሰለት፤ እትብቱ የተቀበረበትን አገር ከሩቅ ሆኖ መስደብ ነውር መሆኑን፣ አባቱ ዕድሜውን ሙሉ እየቃመ አምስት ልጅ እንዳስተማረ ነገረው፣ ሌላም እዚህ የማልደግመው ቃል ተናገረ። አስተባባሪዎቹ ያንን ክፍል አንሥተውታል፣ ልክ ናቸው። 16ኛዋ ሁለቱንም ለማብረድ ሞከረች። ጫቱን ተዉት፣ የሰዓቱን ነገር እናውራ አለች፦ በዚህ ሙቀት ከቀትር በኋላ ሱቅ ይዘጋል፣ ሰው ያርፋል፣ ስለዚህ የድሬ ሰው የሥራ ቀን ጠዋትና አመሻሽ ነው። ግብ ያለው ሰው እነዚህን ሁለቱን ከጠበቀ ይበቃዋል ነው የምትለው። የ14ኛው አነጋገር ሰው ያስቀይማል። ቢሆንም ወንድሜ ከቀትር በኋላ የት እንደሚውል፣ ከማን ጋር እንደሚውል እኔም ስለማውቅ፣ የተነሣው ነገር ባዶ ነው ለማለት አልችልም።

17ኛውን መልስ ስጽፍ አሁንም ይከብደኛል። ከየመን መንገድ የተመለሰ ሰው ነው። ከዚህ ተነሥቶ በደወሌ አድርጎ ጅቡቲ ገባ፣ ከዚያ በእግርም በመኪናም ኦቦክ፣ ከኦቦክ ጀልባ። መንገድ ላይ ስላየው ብዙ አልጻፈም። የጻፈው ስለ ጫማው ነው፤ ኦቦክ አካባቢ ባለው ድንጋያማ በረሃ ላይ የጫማው ሶል ተገንጥሎ በላስቲክ ገመድ አስሮት እንደሄደ፣ ከእሱ ፊት የሚሄደው ልጅ ባዶ እግሩን እንደነበርና ያንን ልጅ ከጀልባው በኋላ እንዳላየው። ሳይሳካለት በብዙ መከራ አገሩ ተመለሰ። ለወንድሜ ያለው አንድ ነገር ነው፦ አጎትህ ሕጋዊ ወረቀት ካለው ሂድ፣ ከሌለው አትንቀሳቀስ።

18ኛው ይህን ይዞ፣ አያችሁ ችኮላ የሚያመጣውን አለ። ሰውየው በ19ኛው ተመልሶ መጣ፣ አሁን ግን ድምፁ ሌላ ነው። ቸኩዬ ነው የሄድኩት ያለህ ማነው ብሎ ጠየቀው። የሄደው ለዓመታት ከታገሠ በኋላ ነው። የማኅበር መሬት ይሰጣል ተብሎ ጠበቀ፣ ብድር ይለቀቃል ተብሎ ጠበቀ፣ የሚጠብቀው ሁሉ ቀን አልነበረውም። ቢያንስ አንዱ በዚህ ወር ይሆናል ወይም አይሆንም የሚል ሰው ቢያገኝ ኖሮ እዚሁ ሌላ ነገር ይሞክር ነበር። እግሩን ያነሣው ትዕግሥት አጥቶ ሳይሆን፣ ማለቂያ የሌለው ትዕግሥት አድክሞት ነው። የእኔን መከራ ለምክር ማጣፈጫ አታድርጉት ብሎ ዘጋ። 18ኛው ይቅርታ ጠይቋል።

ከሁሉም መልሶች እኔን የለወጠኝ ይህ ነው። እስከዚህ ድረስ ጥያቄውን መሥራት ይሻላል መጠበቅ ብዬ ነበር የያዝኩት። ከ6ኛዋ እህትና ከዚህ ሰው ጎን ለጎን ሳየው ግን፣ ሁለቱም ታግሠዋል፤ አንዷ በየእሁዱ የሚመጣ ደብተር አላት፣ አንዱ ምንም የለውም። እሷ በጠበቀችው ቁጥር ገንዘቡ ወደ እሷ እየቀረበ ነው። እሱ በጠበቀው ቁጥር ግን ወዲያ በኩል ማንም እየሠራለት አልነበረም። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት፣ እኔ በምጠብቅበት ሰዓት ነገሩ እየሄደ ነው ወይስ ቆሟል የሚለው ይመስለኛል። እየሄደ ከሆነ አንድ ዓመትም መጠበቅ አቅም ነው። ከቆመ፣ እናቴን ይቅርታ እየጠየቅኩ፣ አንድ ሳምንትም ብዙ ነው።

20ኛዋ በሥነ ልቦና ሁለተኛ ዲግሪ የምትማር ልጅ ናት፣ ይህንኑ በጥናት ደገፈችው። በስታንፎርድ ዋልተር ሚሸል በሕፃናት ላይ ያደረገው ሙከራ ብዙዎቻችን የሰማነው ነው፦ አንድ ማርሽማሎ የሚባል ለስላሳ ከረሜላ ከፊታቸው ይቀመጣል፣ ሳይበሉ ከቆዩ ሁለት ያገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 ግን ሴለስት ኪድና ሁለት ባልደረቦቿ በሮቼስተር ዩኒቨርሲቲ ሌላ ነገር ጨመሩበት። 28 ሕፃናትን ለሁለት ከፈሉ። ከከረሜላው በፊት ለሁሉም የተሻለ የሥዕል ዕቃ እናመጣላችኋለን አሏቸው። ለአንዱ ቡድን በቃላቸው መሠረት አመጡ፣ ለሌላው ባዶ እጃቸውን ተመልሰው የለንም አሉ። ከዚያ ከረሜላው ሲቀርብ፣ ቃል የተጠበቀላቸው በአማካይ 12 ደቂቃ ያህል ታገሡ፤ ቃል የታጠፈባቸው 3 ደቂቃ ያህል። ያው ዕድሜ፣ ያው ከረሜላ ነው። 21ኛው አንድ ጨመረ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ብዙ ሕፃናትን ያካተተ ጥናት እንደሚያሳየው፣ በልጅነት መታገሥና በኋላ በትምህርት መጎበዝ ያላቸው ግንኙነት የልጁ ቤተሰብ ኑሮ ሲታሰብበት በጣም ይቀንሳል። ማለትም ሰውን ትዕግሥት የለህም ከማለታችን በፊት ስንት ጊዜ ቃል እንደታጠፈበት መጠየቅ አለብን። ይህን እናቴ አጠገብ ሆኜ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ለረጅም ጊዜ ዝም ካለች በኋላ፣ ልጄን ያልደወሉለት እነሱ ናቸው እንጂ እሱ ምን አደረገ አለች።

22ኛዋ የምትጽፈው እንደ እናት ነው። ሦስት ወንዶች ልጆች አሏት፣ ሁለቱ ሥራ የላቸውም። ታገሡ የምትላቸው ሌላ የምትሰጣቸው ስለሌላት መሆኑን ጻፈች። ገንዘብ የላትም፣ የምታውቀው ባለሥልጣን የለም፤ ያላት ይህ ቃል ነው። እህቶች በእናቶቻችሁ አትፍረዱ አለች። ለእሷ የምመልሰው የለኝም፣ እናቴን ግን በሌላ ዓይን እንዳያት አድርጋኛለች።

23ኛው ከደደር አካባቢ የመጣ ነው። አባቱ አሮጌ ማሳቸውን አንሥተው ቡና ሲተክሉ የሆነውን ነው የሚያወራው። ቡና ፍሬ እስኪሰጥ 3 ወይም 4 ዓመት ይፈልጋል፣ ሰባት ነፍስ ደግሞ በየቀኑ ይበላል። አባቱ ማሳውን በአንድ ጊዜ አልነቀሉትም፤ በከፊል ተክለው በመደዳዎቹ መሃል ማሽላና ቦሎቄ ዘሩ፣ በቀረው መሬት የቆየውን አዝመራ አቆዩ። ጎረቤት ሁሉ ግማሽ ሥራ ብሎ ተቸ። ቡናው ሲደርስ ግን ዕዳ አልነበረባቸውም። 24ኛው አልተዋጠለትም፣ አነጋገሩም ሻካራ ነው፦ አባትህ መሬት ነበራቸው፣ የዚህች ልጅ ወንድም ያለው ስልክ ነው፣ ቡና ለማፍራት የማንም ፊርማ አያስፈልገው አለ። እውነቱን ነው፤ 23ኛውም ይህን ተቀብሎ፣ የእኔ ነጥብ የሚበላ ነገር ሳይዙ ረጅም ነገር አለመጀመር ነው ብሏል። 25ኛው፣ መጋላ መድረሳ የሚያስተምሩ ኡስታዝ፣ ሁለቱን ለማስታረቅ ግመልህን እሰርና በአላህ ተመካ የሚለውን ሐዲስ አነሡ። ሰብር፣ ማለትም ትዕግሥት፣ የሚጀምረው ገመዱ ከታሰረ በኋላ ነው ብለው ገለጹት።

26ኛው መልስ የተቃጠለ ሞተር የሚጠመጥም ባለሙያ ነው። ሱቁ ድሬ ውስጥ ነው፤ አብዛኛው ሥራው ከሐረማያና ከአወዳይ ወገን የሚመጣ የውኃ ፓምፕ ነው። ምክር አልሰጠም፤ ሥራውን ነው የነገረን። የተቃጠለ ሞተር ሲመጣ ጀማሪ የሚያደርገው የጠቆረውን ሽቦ ቆርጦ መጣል ነው። እሱ ግን መጀመሪያ ደብተር ያወጣል፦ ስንት ቀዳዳ አለው፣ እያንዳንዱ ጥቅል ስንት ዙር ነው፣ የሽቦው ውፍረት በማይክሮሜትር ስንት ነው፣ የትኛው ጫፍ ከየትኛው ተያይዟል። ይህን ሳይጽፍ የቆረጠ ሰው ሞተሩን አበቃለት። ከዚያ አጽድቶ፣ የመከለያ ወረቀቱን አልብሶ፣ አዲሱን ሽቦ እየቆጠረ ይጠመጥማል። በዚህ ሰዓት ሰው አያናግርም፣ ቁጥር ከጠፋበት እንደገና ነው። ጥቅሉን ወደ ቀዳዳው ሲያስገባ የሽቦውን ቀለም እንዳይፍቀው በጣቱ ቀስ እያለ ነው። ካሰረውና ካገናኘው በኋላ ቫርኒሽ ያጠጣዋል፣ ከዚያ እጁን ያነሣል። እስኪደርቅ የሚሠራበት ነገር የለም። ደንበኛው በር ላይ ቆሞ ማሳዬ እየደረቀ ነው እያለ ሲለምነው እንኳ በሜገር (የሽቦውን መከለያ በሚለካው መሣሪያ) ሳይለካ መብራት አይሰጥም፤ ያልደረቀ ሞተር ላይ መብራት የሰጠ ሰው የሳምንት ድካሙ በጢስ ይወጣል። ነገር ግን ቫርኒሽ ሲደርቅ ተቀምጦ አይቶ አያውቅም። ያንጊዜ የሚቀጥለውን ሰው ሞተር ይከፍታል።

በመጨረሻ ወንድሜ ቬንትሌተር ይጠግን ነበር ያልኩትን አስታውሶ፣ ይምጣ አለ።

27ኛዋ ወዲያው ተቃወመች። ብዙ ባለሙያ ለማስተማር እያለ ልጅ በነፃ ያሠራል፣ ዓመት ሙሉ ሻይ አስልኮ ያሰናብታል፣ ስለዚህ ከመሄዱ በፊት ይነጋገሩ አለች። ስጋቷ ተገቢ ነው፣ እኔም ይህንኑ ፈርቼ ነበር። ሰውየው በ28ኛው በአደባባይ መለሰላት፦ መጀመሪያ የመጓጓዣና የምሳ፣ ራሱን ችሎ ፈትቶ መመዝገብ ከቻለበት ቀን ጀምሮ በየሞተሩ ድርሻ፤ ጥሪ ከመጣለት በዚያው ቀን ይሄዳል፣ ቅሬታ የለም። 29ኛው በዚህ መሃል ፓምፑ ለምን ድምፅ ብቻ እያሰማ እንደማይዞር ጠየቀ፣ 30ኛው ደግሞ ካፓሲተሩን አስለካ አለው።

31ኛው መልስ የአንድ መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል ክፍል ሠራተኛ ነው፤ የትኛው እንደሆነ አልተናገረም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ሥራ ፈላጊዎች የሚሳሳቱት ስልክ ብቻ በመጠበቅ ነው ይላል። ወንድሜ ማመልከቻ ጽፎ በአካል ይሂድ፣ ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ቦታው ተሞልቷል ወይስ ክፍት ነው፣ ተጠባባቂ ዝርዝር ላይ አለ ወይስ የለም፣ ውጤቱ እስከ መቼ ያገለግላል። ማመልከቻውን መዝገብ ቤት አስገብቶ በቅጂው ላይ ማኅተም ያስደርግ። መልሱ አይሆንም ቢሆን እንኳ እሱም መልስ ነው።

32ኛው የእኔ ነው። ወንድሜ ሄዷል። ማመልከቻውን አብረን ጻፍነው፣ ቅጂው ማኅተም ተደርጎበት ቤት አለ። ቦታው ተሞልቷል፣ እሱ ተጠባባቂ ነው፣ ውጤቱ የሚያገለግለው እስከ መስከረም መጨረሻ ነው። እናታችንም እኔም እሱም በዚህ ቀን ተስማምተናል፤ እስከዚያ ስልኩ ቢደወል ይሄዳል፣ ከዚያ በኋላ ግን የሚጠበቅ ስልክ የለም። ጠዋት ጠዋት ሞተር ቤት ነው። የመጀመሪያው ቀን ማታ እጁ ላይ የቫርኒሽ ሽታ ይዞ ገብቶ፣ ስለ አንድ የፓምፕ ሞተር አያያዝ ለእናቴ በወረቀት ላይ እየሣለ አስረዳት። ምንም እንዳልገባት ነግራኛለች፣ ግን እስከ መጨረሻው አዳምጣዋለች።

33ኛው፣ የመጀመሪያው መምህር ተመልሰው፣ መዝለልን እንጂ መሥራትን እንዳልተቃወሙ ግልጽ አደረጉ፤ ወንድሜ ያው በሙያው ውስጥ መቆየቱ እንዳስደሰታቸው ጻፉ። ሙያውን ከያዘ ደግሞ ቢያንስ እስከ ከርሞ እንዳይለቀው አሳሰቡ። በዚህ አልተስማማሁም፤ ጥሪው ከመጣ ይሂድ ነው የምለው፣ ቃላችንም እሱ ነው። 34ኛው የ6ኛዋ እህት ዓይነት ዕቁብ ለሳቢያን ወጣቶች እንዲጀመር ጠይቋል፣ ስድስት ሰዎችም እንገባለን ብለዋል። ለዚህ የተለየ ክር ከፍቻለሁ፣ ሰብሳቢ ለመሆን የሚችል ሰው ካለ እዚያ ይጻፍልን። ፓምፕ የተቃጠለባችሁ ደግሞ የሞተሩን ስም ሰሌዳ ፎቶ አንሥታችሁ እዚሁ ብትለጥፉ፣ ባለሙያው ማታ ማታ አይቶ እንደሚመልስ ነግሮኛል።